በምንጩ ላይ የተሣለው ራስ

ማንጠግቦሽ በጉልበቷ ተንበርክካ ጥቁሩን ዐለት በባልጩት ትፍቃለች። ነጩ ቀለም ግን ንክች አይልም። ጣቷ ደምቷል። የተሣለው የሰው ራስ ዓይኖች ቀለም የላቸውም፤ በሁለቱ ጉድጓዶች ውስጥ የሚያፈጥባት ዐለቱ ራሱ ነው።

«በጃንሆይ አምላክ! የአዳምን ራስ ትፍቂያለሽ?» ይላታል አያ ወልደ ሰንበት፣ ማሰሮውን ይዞ ከውኃ ቀጂው ሰልፍ ፊት ቆሞ።

«የአዳም አይደለም አያ። መርዝ ነው።»

«የአዳም ነው ያልሽን አንቺው!»

እውነቱን ነው፤ ያለችው እሷ ናት። ሥዕሉ በምንጩ ላይ ድንገት የታየ ዕለት ማንም ምንነቱን አላወቀም፤ አባቷ የቤተ ልሔም ደብር ቄስ ነበሩና ዳዊት አስደግመዋታል፣ አገሩ ሁሉ እሷን ጠየቀ። አየችው። የራስ አጥንት፣ ከሥሩ የተመሳቀሉ ሁለት አጥንቶች። ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ፣ ከስቅለቱ ግርጌ፣ የጌታ ደም የሚንጠባጠብበት የአዳም ራስ ልክ እንዲህ ነው። ተደፍታ ሳመችው። «ይህ ውኃ ጸበል ነው» አለች። ይኸው አሥር ቀኑ ነው።

ዛሬ ጧት የሣለው ሰው መጣ። ቢሻው ይባላል፤ ለአንበጣው መርዝ ሊረጩ ከመጡት አንዱ ነው። ሰልፉን ሲያይ የቀለም ጣሳውን አስቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። የተረፈውን መርዝ ከምንጩ በላይ ቀብረውት ኖሯል፤ ዝናቡ ሲበረታ ጊዜ ውኃው እንዳይጠጣ ብሎ ምልክት አደረገ። አሁንም ብሩሹን እንደያዘ ከጎኗ ቆሟል።

«ምነው በፊደል ብትጽፈው ኖሮ ልጄ?»

«ማን ያነበዋል ብለው ነው እናቴ። ይኸን ምልክት ዓለም ሁሉ ያውቀዋል አሉኝ።»

«ዓለም ሁሉ ሲያውቅ የእኛን አገር ጋይንትን የጠየቀ የለም?»

ወደ ሰዉ ትዞራለች። «ስሙኝ! አትጠጡ! ወለተ ማርያምን የገደላት ይኸው ውኃ ነው!»

ከትናንት በስቲያ ነው የቀበሯት። ስታስመልስ ራሷን ደግፋ የያዘቻት ማንጠግቦሽ ነበረች፤ «እሰይ፣ ወጣልሽ! ያደረብሽ ለቀቀሽ!» እያለች። ጸበል ጠጥቶ ያስመለሰ ዳነ ነው የሚባል። የሴትዮዋ ራስ ክብደት ከመዳፏ ላይ አልወርድ ብሏታል።

«ስሙ እንጂ!» ትላለች አንዲት ወጣት ሴት ከሰልፉ መሀል። «እመት ማንጠግቦሽም ኖሮባቸዋል ለካ! ጸበል የሚጠላ ማን ነው? ያው ያደረባቸው ነው የሚጮህ!»

ሰዉ ይስቃል። «ርጫቸው! ርጫቸው!» ሴትዮዋ ከምንጩ በእፍኟ ትዘግንና ማንጠግቦሽን ፊቷ ላይ ትረጫታለች። ማንጠግቦሽ አፏን ግጥም አድርጋ ትዘጋለች። ውኃው በአገጯ ሲወርድ ትንፋሿን ይዛ ትቆያለች። ይኽን ፍርሃቷን ያዩባታል፤ ሳቁ ይብሳል።

ያን ጊዜ ነው ምራቷ አሰለፈች ከታች የምትመጣው፣ የአምስት ዓመት ልጇን የሺን አዝላ።

«እማዬ! ሌሊቱን ሙሉ አስመለሳት! እየለቀቃት ነው፣ እልል በሉ!»

«ስንት ቀን ጠጣች?» ትላለች ማንጠግቦሽ።

«ዛሬ አራቷ። ሰባት አድርሻት አላሉኝም አንቱ?»

አሰለፈች ወደ ውኃው ታልፋለች። ማንጠግቦሽ ብትጮህ የሚጮኸው ጋኔኑ ነው። ብትይዛት ይይዟታል። ዐለቱን ታያለች፤ ሁለቱን ዓይኖች። በቤተ ልሔም ግድግዳ ላይ ጻድቃኑ ሁሉ ፊት ለፊት በሁለት ዓይናቸው ያያሉ። ሰይጣንና ይሁዳ፣ ክፉው ሁሉ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይኑ ነው።

ብሩሹን ከቢሻው እጅ ትነጥቃለች። ጣሳው ውስጥ ነክራ የግራውን ዓይን በነጭ ትደፍነዋለች። ከጉንጩ ላይ ወደ ጎን የሚወጣ ሹል አፍንጫ ትጎትትለታለች። ከሥሩ ጥርስ። የተሣለው ራስ ፊቱን እንዳዞረ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ሳቁ ቀጥ ይላል።

አያ ወልደ ሰንበት ማሰሮውን አዘቅዝቆ ይደፋና እያማተበ ወደ ኋላ ይሄዳል። የረጨቻት ሴት እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች፣ ደጋግማ ትጠርጋለች፣ ከዚያ ትሮጣለች። ሰልፉ ይበተናል።

አሰለፈች ብቻ ቆማለች፤ ከውኃው ዳር፣ በእፍኟ የዘገነችው በጣቶቿ መሀል እየፈሰሰ። ዐለቱን ታያለች፣ ከዚያ አማቷን።

«ንፋስ መውጫ፣ ሐኪም ዘንድ! አሁኑኑ!» ይላል ቢሻው። «አትቀመጪ!»

አሰለፈች ልጇን አዝላ እንደመጣች አዝላ ዳገቱን በሩጫ ትያያዘዋለች። ማንጠግቦሽ ትከተላለች። መንገዱ ከአንበጣ በተረፈው ገብስ መሀል የምታልፍ ቀጭን ዱካ ናት፤ ለሁለት ሰው አትበቃም።

መንገዱ ሲጠመዘዝ የሺ በጎን ትታያታለች። ጉንጯን በእናቷ ጀርባ ላይ ለጥፋለች። አንድ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታይ፤ ተከፍቷል፣ ማንጠግቦሽን ያያል፣ አይርገበገብም።

«የሺ!»

ልጅቱ አትዞርም።

ማንጠግቦሽ የልጅቱን ፊት ልታዞር እጇን ወደ ጉንጯ ትሰዳለች። ጣቶቿ ላይ ያለውን ነጭ ቀለም ስታይ እጇን መልሳ ትሰበስባለች። «ወዲህ ዙሪልኝ እናቴ፣ እስቲ ሁለቱንም ዓይንሽን አሳዪኝ» እያለች፣ እጇን ከኋላዋ ደብቃ፣ ከኋላ ከኋላ ትሮጣለች።