አምስት ሁለት ሦስት አራት

የአራት ሰው የጊታር ቡድናችን ልምምድ ላይ ነው። ነርሷ ዜማውን ጀምራለች፤ ኤሌክትሪሺያኑ ከሥር ገብቶላታል። እኔ የጊታሬን ክሮች በመዳፌ አፍኜ ምቱን ብቻ እመታለሁ። አባቴ ጊታሩን ታቅፎ ይቆጥራል። ስምንት ዙር ዝም ብሎ ዘጠነኛው ላይ መግባት አለበት።

"አንድ ሁለት ሦስት አራት" ይላል በከንፈሩ። "ሁለት ሁለት ሦስት አራት። ሦስት ሁለት ሦስት አራት።"

እንዲህ መቁጠር ያስተማረን እሱ ነው፤ ሦስታችንንም። የመጀመሪያው ቁጥር ዙሩን ይይዛል፣ የቀሩት ምቱን። ጣቱ የሚፈጥን ሞልቷል፣ ይለን ነበር፤ ቡድን የሚያቆመው ግን ዝም ባለበት ሰዓት የሚቆጥር ሰው ነው።

ካለፈው ወር ወዲህ ስምንተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል በጫማዬ ጫፍ እግሩን ነካ አደርገዋለሁ። ይገባል። ማንም ያላየን መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ኤሌክትሪሺያኑ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

"እህቴ፣ ጋሼን እኔም እወዳቸዋለሁ" አለኝ። "ግን ማክሰኞ በራሳቸው ካልገቡ፣ ቅዳሜ ከተመልካቹ ጋር ይቀመጡ። መድረክ ላይ ሰው ከሚስቅባቸው ይሻላል።"

እሺ አልኩት። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

"አራት ሁለት ሦስት አራት። አምስት ሁለት ሦስት አራት።"

በልቤ አብሬው እቆጥራለሁ። ስድስት። ሰባት። አልነካውም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ስምንት ላይ እግሬ በራሱ ይሄዳል።

"ኧረ ልጄ!" ይላል ጮክ ብሎ። "እግሬን ምን ላድርገው ነው የምትይው? ይሄ ሁሉ ክፍል ጠበበሽ?"

ነርሷ ትስቃለች። ከዚያ ጫማዬን አይታ ሳቋን ትውጠዋለች። ዘጠነኛው ዙር ባዶውን ያልፋል፤ ዐሥረኛውም። ኤሌክትሪሺያኑ መጫወቱን ያቆማል።

"ጋሼ" ይላል ቀስ ብሎ፣ "ስንተኛው ላይ ነዎት?"

አባቴ መዳፉን ያነሣል። ቆጣሪ አይረበሽም ማለቱ ነው፤ በዚህ መዳፍ ስንት ጊዜ ወሬያችንን አስቁሞናል።

"ምን ያጣድፍሃል አንተ? ገና አልደረስኩም። አምስት ሁለት ሦስት አራት።"

"አባዬ..."

"አምስት ሁለት ሦስት አራት።"

እግሩ ወለሉን ይመታል። አንዲት ምት እንኳ አትዘገይም፣ አትቀድምም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት እንዲህ አይሄድም።

ነርሷ ጊታሯን ጭኗ ላይ አስተኝታ ወደ መስኮቱ ዞራለች። ኤሌክትሪሺያኑ ወረቀቶቹን ከማቆሚያው ላይ አንድ በአንድ ያነሣል፣ እንዳይንኮሻኮሹበት እየተጠነቀቀ። ወደ እኔ አያይም።

መዳፌን ክሮቹ ላይ እመልሳለሁ። ምቱን እቀጥልለታለሁ።

አባቴ ቀና ብሎ ፈገግ ይልልኛል፤ ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እንጂ፣ እንደማለት። የግራ እጁ ጣቶች የሚገባበትን ቦታ ክሮቹ ላይ አጥብቀው ይዘዋል፤ ጫፋቸው ነጥቷል።

"አምስት" ይላል።