ታላቁ ውሻ

«‹ዋሻ› ነው እኮ ያልኩህ!» ሲሉ የቱሪዝም ሹሙ በዋሻው አፍ ላይ ቆመው ጮኹበት። የታተመው በራሪ ወረቀት ግን «ታላቁን ውሻ ሳያዩ እንዳይመለሱ» ይላል።

«ጋሼ፣ ማተሚያ ቤታችን ያለችው ‹ዋ› ተሰብራለች። በ‹ው› ብተካት ሰው ይገባዋል ብዬ ነው» አለ ፊደል ለቃሚው አጥናፉ።

«አንድ እንግዳ ቅር ቢለው ዛሬውኑ ትባረራለህ!»

ጎብኚዎቹ ከአውቶቡስ እንደወረዱ ውሻውን ጠየቁ። አጥናፉ ጥላ ስር የተኛውን የዘበኛውን ውሻ አሳያቸው።

«ይኼ ነው ታላቁ?» አሉ አንዲት ወይዘሮ።

አጥናፉ ወደ ሹሙ ዞረ። ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ለዓመታት የሸመደዱትን የዋሻ ገለጻ ጀመሩ፦ «ርዝመቱ ሁለት መቶ ሜትር ነው። ውስጡ ሦስት አዳራሾች አሉት። በጦርነቱ ጊዜ አራት መቶ ሰው ተጠልሎበታል።»

«ወይ ጉድ! ሲያዩት እኮ አይመስልም» አሉ ወይዘሮዋ። ሌሎቹ ማስታወሻ ያዙ።

ውሻው ተነሥቶ አካሉን አራገፈና ቁልቁለቱን ወረደ።