የቀኝ ፍሬቻ

ሊማሊሞ ዳገት ላይ ቀይዋ የስፖርት መኪና ከአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ኋላ ተለጥፋ ቀረች። መሪውን የጨበጠው ሰውዬ ክላክሱን ያንባርቀዋል።

«ይህን ሁሉ ኩርባ እንደ እባብ ስጥመለመል መጥቼ የዚህን ኤሊ ጭስ ልጠጣ?»

አጠገቡ የተቀመጠችው፣ ለእሱ ብላ ትዳሯን የበተነችው ሴት፣ ከጭነት መኪናው ጀርባ በቢጫ ቀለም የተጻፈውን አንብባ ክው ብላለች፦ «ሁሉም ያልፋል»። ቀለሙን የመረጠችው ራሷ ነበረች። የቀድሞ ባሏ መኪና ነው። አንገቷን ብትደፋም ዘግይታለች፤ በስፖኪዮው ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጭተዋል።

ጥላው ስትወጣ አንድ ክፉ ቃል አልተናገራትም። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» ብቻ ነበር ያላት።

ኩርባው ጋ ሲደርሱ የጭነት መኪናው የቀኝ ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ከፊት የሚመጣ የለም፣ እለፍ ማለቱ ነው።

«አየሽ፣ ጨዋ ሹፌር ነው!» አለና ነዳጁን ረግጦ ወደ ግራ ወጣ።

ያን ሁሉ ዓመት ጋቢና አብራው ስትጓዝ፣ ባሏ ኩርባ ላይ ለማንም ፍሬቻ ሲያሳይ አይታው አታውቅም። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቃው ስቆ ነበር የመለሰላት።

«ኩርባ ላይ ፍሬቻ የማሳየው ለጠላቴ ብቻ ነው።»