የጠፋው ቃጭል

ልብስ ሰፊዋ የሊቀ ካህናቱን የአሮንን ልብስ ለመጨረስ የቀራት የቀሚሱ ጠርዝ ብቻ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ለሚማሩ ልጆች የሚታይ ልብስ ነው። ከሰዓት በኋላ መምህሩ መጥተው ይወስዱታል።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መሐሉን መጋረጃ ከፍሎታል። ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪናው፣ ወዲያ ደግሞ የታመመው ልጇ። ሐኪሙ «ቤታችሁ ወስዳችሁ አስታምሙት» ካለ ወዲህ ስለ መዳኑ የሚያወራ የለም። አጠገቡ የባሏ እናት ይቀመጣሉ።

መኪናው ሲንኳኳ የልጇ ትንፋሽ አይሰማትም። ስለዚህ ለቀሚሱ ከመጡት ቃጭሎች የተረፈውን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስራለታለች፤ በሰም በታሸ ክር፣ ያለ መቀስ በማይፈታ የሰፊ ቋጠሮ። እግሩን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ቅጭል ይላል። ቅጭል ሲል ልቧ ይመለሳል።

ጠዋት ቃጭሉ ዝም ብሎ ቆየ። ልትነሳ ስትል አማቷ በመጋረጃው ጫፍ ብቅ አሉ።

«መቀስሽን አውሺኝ።»

«እየቆረጥኩበት ነው እማማ። ማሙሽስ?»

«ተኝቷል። አባቱ እስኪመጣ አትቀስቅሺው።»

ካውያዋን ልታግል ደጅ ወጣች። ስትመለስ ከውስጥ ቅጭል፣ ቅጭል ይላል። «ተመስገን» አለችና ተቀመጠች።

አንድ የክር ሮማን፣ አንድ ቃጭል፣ አንድ ሮማን እያለች ጠርዙን ዞረች። መጨረሻው ላይ ቃጭል ጎደለ። የቃጭሎቹን ሳህን ገለበጠች፤ የጨርቅ ቁርጥራጩን በተነች። የለም።

ቤት ውስጥ የነበሩት አማቷ ብቻ ናቸው። ትናንት እንኳ «አንቺ የካህን ልብስ ልትሰፊ? ትራስ ብትሰፊ ጥጡ በሌላ በኩል ይወጣል!» ብለው ስቀውባታል። መምህሩ ፊት ሊያዋርዷት ፈልገው ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

«ልጄ» አሉ ከውስጥ፣ «ከነጩ የበፍታ ጨርቅ ትራፊ ካለሽ ጣል አድርጊልኝ። ሰፋ ያለውን። ግንባሩን ልጠርግለት።»

ወረወረችላቸው። ዛሬ ደግሞ «ልጄ» ማለት አመጡ! የሰረቀ ሰው አፉ ይለሰልሳል።

መምህሩ መጡ። ድንጋዮች የተሰፉበትን የደረት ኪስ በእጃቸው ዳሰሱት።

«እነዚህ ድንጋዮች የእስራኤል ነገዶች ስም ያለባቸው ናቸው። ሊቀ ካህናቱ ወደ መቅደሱ ሲገባ ሕዝቡን ልቡ ላይ ተሸክሞ ነው። ክርስቶስም እኛን እንደዚያ ይዞ ገብቷል እንላለን።»

«ስሙ እዚያ ያለ ሰው አይሞትም ማለት ነው?»

 «አይረሳም ማለት ነው።»

አንገቷን ደፋች። «አንድ ቃጭል ጎድሏል፣ መምህር። እዚሁ ቤት ነው የጠፋው።» የመጨረሻውን ወደ መጋረጃው ጮክ አድርጋ ተናገረች።

ከውስጥ የሚሰማው ቅጭል፣ ቅጭል ብቻ፤ እኩል፣ እኩል።

«ቃጭሉ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉ መምህሩ። «ሊቀ ካህናቱ ወደ ውስጥ ሲገባ አይታይም። ውጭ ያለው ጆሮውን ያቆማል። ቃጭሉ ከተሰማ፣ አልሞተም።»

«እንደ እኔ ነዋ!» ልጇ ከታመመ ወዲህ ገና ዛሬ ፈገግ አለች።

«እንዳንቺ። የእኛም ሊቀ ካህናት አይታየንም፤ ግን ሕያው ነው፤ ስለ እኛ ይለምናል።»

«ስለ እኔም ልጅ ይለምንልኛ።» ተነስታ መቀሱን አነሳች። «እንግዲህ ሥራዬ አለቀ፤ አጠገቡ እሆናለሁ። የእግሩን ቃጭል ፈትቼ በጎደለው ልተካልዎት።»

«አትምጪ!» አሉ አማቷ ከውስጥ። «ልጄ፣ አትምጪ!»

መጋረጃውን ገለጠችው።

ቃጭሉ በማሙሽ ቁርጭምጭሚት ላይ እንደታሰረ ዝም ብሏል፤ የሚንቃጨለው በአማቷ እጅ ያለው ነበር።