መቀሷ እና ቢጫው የሕፃን ጫማ

«በሩን እንዳትከፍትላት።»

እናቴ ይህን ስትል ከኪሮሿ ላይ ቀና እንኳን አላለችም...

ውጭ የቆመችው ሴትዮ ደግማ አንኳኳች። ቀስ ብላ። የመሄድ ሐሳብ እንደሌላት ሰው።

በመስኮቱ አየኋት። ረጅም፣ ከሲታ፣ ቀኝ እጇን ኪሷ ውስጥ የከተተች።

ኪሷ ውስጥ ምን እንዳለ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

መቀስ ነው።

«መቀሷ» ነበር የሚሏት። የሰው ሕፃን ላይ ጎንበስ ትልና እናቱ ዞር ስትል ከልብሱ ክር ቆርጣ ትሄዳለች። ለምን ስትባል መቀሷን ኪሷ ከታ መንገዷን ትቀጥላለች።

ጎረምሶቹ «ሱሪህን ያዝ፣ መቀሷ መጣች» እያሉ ይስቃሉ...

እናቶች ግን አይስቁም።

ያኔ እኔም ጎረምሳ ነበርኩ። አባት አልነበረንም። እኔ ጡብ እሸከማለሁ፤ እህቴ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ እናቴ የእህቴን ሕፃን እየጠበቀች ኪሮሽ ትሠራለች። የዚያን ቀን ሥራ ጠፍቶ ቤት ውዬ ነበር።

ጸደይ እየገባ ነው። ለኪሮሽ ሠሪ ጸደይ ማለት ወፍራሙ የሱፍ ክር ሻንጣ ገብቶ ቀጭኑ የጥጥ ክር የሚወጣበት ጊዜ ነው። ጥቅጥቅ ያለው አሠራር ይቀርና አየር የሚያስገባው፣ ቀዳዳ ቀዳዳው ይመጣል። ቢጫ፣ ነጭ፣ የለጋ ቅጠል ቀለም።

ባለሱቁ የሕፃን ጫማ አዝዟል። ከፊሉን ወስዶ የቀረውን «ቶሎ» ብሏል። እናቴ ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ትሠራለች።

ቢጫውን ጥንድ ግን ለልጅ ልጇ አስቀርታለች።

ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ያለቅሳል። ጡጦ ሰጠሁት... ተፋው። አቀፍኩት... ባሰበት።

«ሆዱን ነው» አለች እናቴ።

በሩ ደግሞ ተንኳኳ።

«ለቅሶው መንገድ ድረስ ይሰማል» አለች ሴትዮዋ ከውጭ። «እግሩን አሳዩኝ።»

እግሩን? ልጁን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት።

«ሂጂልኝ!» አለች እናቴ። «በሰው ልጅ አታሟርቺ።»

«ትናንት ደጅ ላይ አቅፈሽው አይቻለሁ። ያደረገው ጫማ ያንቺ ሥራ ነው። አሳዩኝና እሄዳለሁ።»

«እማ፣ ምን ፈልጋ ነው?»

«ድሮ ኪሮሽ ትሠራ ነበር፤ የእጅ ጣቷ ከተቆለመመ ወዲህ ሰው የሠራውን ማየት አትወድም። ቅናት ነው። አንተ ዝም ብለህ ልጁን እሹሩሩ በለው።»

ልጁ ድንገት ዝም አለ።

ዓይኑ ክፍት ነው... ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል... ድምፅ የለም።

በሩን ከፈትኩ።

«አንተ ልጅ!» አለች እናቴ። ሴትዮዋ ግን አልፋኝ ገብታለች። መቀሱ ወጥቷል።

እናቴ ዘላ መሃል ገባች። «ብትነኪው...»

«ያዛት» አለችኝ ሴትዮዋ።

ያዝኳት። የገዛ እናቴን።

ለምን እንደታዘዝኩ ስጠየቅ የምመልሰው አንድ ነገር ነው፦ የሴትዮዋ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሊጎዳ የመጣ ሰው እንደዚያ አይፈራም።

መቀሱ ቢጫውን ጫማ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጫፉ ሰነጠቀው።

መሃለኛዋ የእግር ጣቱ አብጣ ጠቁራለች። ሥሯ ላይ ክር እንደ ቀለበት ጠብቆ ሥጋው ውስጥ ሰምጧል።

ኪሮሽ የሚሠራ ሰው ይህን ያውቃል። ሥራው ሲያልቅ የክሩ ጫፍ ይተርፋል። ያ ጫፍ በመርፌ ተመልሶ ሥራው ውስጥ መቀበር አለበት። ሰው ሲቸኩል ግን ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ውስጡን ማን ያያል?

የሕፃን ጣት ያገኘዋል። እየተወራጨ ይጠመጥመዋል።

ሴትዮዋ በመቀሱ ጫፍ ክሩን በጠሰችው... ልጁ ጮኸ። እንደዚያ ደስ ያለኝ ለቅሶ የለም።

ጤና ጣቢያ ይዘነው ሮጥን። «ትንሽ ብትቆዩ ጣቱ አይተርፍም ነበር» አሉን።

ስንመለስ ሴትዮዋ ደጃችን ላይ ተቀምጣለች።

«ለምን አትናገሪም?» አልኳት። «ሰው ሁሉ እኮ እንደ ጅብ ነው የሚፈራሽ።»

«ተናግሬያለሁ» አለች። «ልጄ በገዛ እጄ ሥራ ጣቷን ስታጣ፣ ኪሮሽ ሠሪዎቹን ቤቴ ጠርቼ ነገርኳቸው። 'አታሟርቺብን፤ ይህ ከተሰማ ማን ይገዛናል?' አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መናገር ትቼ መቀስ ያዝኩ።»

«ማን ነው እንደዚያ ያለሽ?»

ቀና ብላ እናቴን አየቻት...

እናቴ መሬት መሬቱን ታያለች።

እናቴን ኪሮሽ ያስተማረቻት ይህችው ሴትዮ ነበረች። ያን ቀን ቤቷ ከተጠሩት አንዷም እናቴ ነበረች። ሰምታለች። ታውቅ ነበር።

«ሱቁ የወሰደውስ?» አለች ሴትዮዋ በቀስታ።

የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። ሕፃኑን ለኔ ጥላ ወጣች።

የሱቁ መደርደሪያ ላይ የቀረውን ሰበሰበች። የተሸጠውን ደግሞ ባለሱቁ ባስታወሰው ልክ ቤት ለቤት ፈለግነው። እናቴ እያንኳኳች «ጫማውን ገልብጡት፣ ውስጡን እዩት» ትላለች። አንዳንዱ አመሰገነ። አንዳንዱ «ምን ዓይነት ሟርተኛ ናት» ብሎ በሩን ፊቷ ላይ ዘጋ።

አንድ ነጭ ጥንድ ግን አላገኘንም። የገዛችው መንገደኛ ናት አለ ባለሱቁ።

የመንገደኛዋ ሕፃን ምን እንደሆነ አናውቅም። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ አላወቀችም።

ወዳጆቼ... ክፉ ነገር የሚነግረን ሁሉ ክፉ አይመኝልንም። አንዳንዱ እኛ የምንሄድበትን መንገድ ቀድሞን ሄዶ፣ ተጎድቶ የተመለሰ ነው። ቤታችሁ በእጅ የተሠራ የሕፃን ጫማ ወይም ካልሲ ካለ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ገልብጡት።

እስቲ እውነቱን ጻፉልኝ... ሰፈር ሁሉ የሚሸሻት ሴት መቀስ ይዛ ብትመጣ፣ እናታችሁም «አትክፈት» ብትላችሁ፣ እናንተ በሩን ትከፍቱ ነበር?