ሽቶ ተቀብቶ የሚጠፋው ጎሚስታ

ዛሬም ሽቶ ተቀባ…

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ባሏን በመስታወቱ ውስጥ ታየዋለች።

ሰውዬው ጎሚስታ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ የኖረ። እጁ በሳሙና ብቻ ስለማይለቅ በአሸዋ ነው የሚታጠበው… እሱንም ለጁሙዓ ብቻ።

ከረመዷን በፊት ያለው የሻዕባን ወር ከገባ ወዲህ ግን በየቀኑ ሆነ።

የከሰዓቱን የዐስር ሰላት እንደሰገደ ሱቁን ይዘጋል። እጁን በአሸዋ፣ ጥፍሩን በብሩሽ ይፈገፍጋል። ነጩን ሸሚዝ ይለብሳል። ሽቶውን ነስነስ ያደርጋል። ከዚያ እብስ።

«ወዴት ነው?»

«እዚሁ ነኝ… ለመግሪብ ሰላት እመጣለሁ።»

«በነጭ ሸሚዝ ጎማ ልትለጥፍ?»

«አይ አንቺ ሴትዮ…» ሳቅ ብሎ ወጣ።

ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ከደጃፏ ሆና ሁሉንም አይታለች። ይህቺ ሴት ደግሞ ከመቀሷ ይልቅ ምላሷ ነው የሚቆርጠው።

«እኔን ከጠየቅሽኝ ሰውዬሽ ሁለተኛ እያሰበ ነው።»

«የምን ሁለተኛ?»

«ሁለተኛ ሚስት ነዋ። ወንድ ልጅ በዚህ ዕድሜው ጥፍሩን የሚፈገፍገው ለጎማ ብሎ መሰለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች… የጥርስ ሳቅ።

ምክንያቱም ይህ ሰው ኩራቷ ነው።

በየረመዷኑ መስጂድ ጥግ ላይ ቁርኣኑን ከፍቶ ሲቀመጥ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እሷም ልኬት በወሰደች ቁጥር «የኔ ባል በአንድ ረመዷን ሦስቴ ያኸትማል… ከዳር እስከ ዳር ሦስቴ» ያላለችው ደንበኛ የለም።

እና አሁን እንዲህ ይሁን?

ከወንዙ ማዶ ላገባችው ልጃቸው ደወለች።

«እማ… ወሩ ሻዕባን ነው። ሰው ልቡን ከቂም በሚያጸዳበት ወር አንቺ አባባን ትጠረጥሪያለሽ?» አለችና ልጅት ስልኩን ዘጋች። ሳቋን ያፈነች ትመስል ነበር።

እናትን ግን ነገሩ ከንክኗታል። ካለፈው ረመዷን የቀረባትን ቀዷ እየጾመች ነው… ሆዷ ባዶ፣ ልቧ ግን በጥርጣሬ የተሞላ። ከባሏ ጋር ተኳርፋ ረመዷንን መቀበል አልፈለገችም።

ስለዚህ በማግስቱ ተከተለችው።

ድልድዩን ተሻገረ። በአናጺዎቹ በኩል ታጠፈ። አንድ አረንጓዴ በር አንኳኳ…

የከፈተችለት ሴት ናት። ፊቷ አልታየም። እጇ ብቻ።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

የመጣው ይምጣ ብላ።

ከበረንዳው ላይ ጫማ ተደርድሯል… ሃያ ጥንድ የሚሆን፣ መዳፍ መዳፍ የሚያክል የሕፃናት ጫማ። መሃሉ ላይ የባሏ አርባ ሦስት ቁጥር።

በመስኮት አየች።

ሕፃናት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጎሚስታው ከነግዝፈቱ በመካከላቸው እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። በዚያ ታጥቦ በማይነጣ ጣቱ ፊደል እየተከተለ…

«ቢስ… ቢስሚ…»

«አባባ፣ አትቸኩል። እንደገና።»

«እሺ ኡስታዛ።»

አስተማሪዋ ኡስታዛ ዞር አለች።

የገዛ ልጃቸው ናት።

ልጇ ከሰዓት ከሰዓት ቁርኣን እንደምታስቀራ እናት ታውቃለች። የምታስቀራበትን ቤት ግን ረግጣው አታውቅም።

ባል ሚስቱን ሲያይ ተነሣ። መጽሐፉን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ጥፋት ላይ እንደተያዘ ተማሪ።

«ታዲያ… በየረመዷኑ ሦስቴ የምታኸትመውስ?» አለችው።

«እኔ አኸተምኩ ብዬሽ አውቃለሁ? አንቺ ነሽ ያልሽው።»

ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

«በመጀመሪያው ረመዷን ቁርኣኑን ከፍቼ ዐይኔን ነበር ያሳረፍኩበት። ፊደሉን አላውቀውም። አንቺ ግን አይተሽኝ ለሰፈሩ በሙሉ አወራሽ። ደስ ብሎሽ ነበር… ኩራትሽን እንዴት ልንጠቅሽ? ሃያ ዓመት ገጽ ሳገላብጥ ኖርኩ። ዘንድሮ ግን ሻዕባን ሲገባ ደግሜ እንደዚያ ልቀመጥ አፈርኩ። ሰውን አይደለም ያፈርኩት።»

ይህ ሰው ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ቁርኣን ቤት ያደርስ ነበር። እስክትጨርስ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። እሱ ግን በሩን አልፎ አያውቅም ነበር።

«እማ፣ እየከበደው፣ እየተንተባተበ የሚቀራ ሁለት አጅር፣ ሁለት ምንዳ አለው» አለች ልጅት።

ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ የባሏን ሸሚዝ ኮሌታ ያዝ አድርጋ አየችው።

«ይሄ አልቋል። ለረመዷን አዲስ እሰፋልሃለሁ። ተማሪ እንዲህ ሆኖ አይመጣም።»

በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም።

የሻዕባን የመጨረሻ ቀን… ፀጉር ሠሪዋ እንደ ልማዷ ብቅ አለች።

«እህ… ዘንድሮስ ሰውዬሽ ስንቴ ያኸትማል?»

«አንዴም።»

«ምነው?»

«ማንበብ አይችልም ነበር። የማይሆን ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ። በዚህ ሻዕባን ነው ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ ፊደል የቆጠረው። ዘንድሮ የመጀመሪያዋን ምዕራፍ፣ ፋቲሓን ብቻ ነው… ግን በቃሉ ሳይሆን በዐይኑ ያነባታል።»

ይህንን ደንበኞቿ እየሰሙ፣ ድምጿን ሳትቀንስ ነው የተናገረችው።

ፀጉር ሠሪዋ ወዲያ ወዲህ አየችና ጠጋ አለቻት።

«እዚያ ቤት… ለእንደኔ ዓይነቷ ትልቅ ሴትም ቦታ አለ?»

…

ወገን፣ ለረመዷን ቤት እንጠርጋለን፣ ጓዳ እንሞላለን። ጥሩ ነው። አለማወቃችንን አምነን አንድ ፊደል መጀመርም ግን ዝግጅት ነው። የምንወደውን ሰው ስናሞግስ ደግሞ ልክ እናብጅለት… ያላደረገውን ከሰጠነው «አላውቅም» የሚልበትን በር እንዘጋበታለን።

እናንተስ… ረመዷን ሳይገባ «እስካሁን አልችለውም ነበር» ብላችሁ የምትጀምሩት ነገር ምንድን ነው?

ኮሜንት ላይ ጻፉት። ማንም አይስቅባችሁም… የሳቀ ካለ ለኔ ተዉት።