ከማፊኑ ሥር

ምራቲቱ ትኩሱን የሙዝ ማፊን ከልጇ አፍ ነጥቃ ገለበጠችው። ከሥሩ ነጭ ዱቄት ተለጥፎበታል። ልጅቷ ስንዴ ከቀመሰች ሳምንት ሙሉ ከአልጋ አትነሳም፤ ጡረታ የወጡት ዳቦ ጋጋሪ አያቷ ግን «ስንዴ ማንን ገድሎ ያውቃል?» ይሉ ነበር። ሆን ብለው ሊፈትኑን ነው ስትል እናትየዋ ጠረጠረች።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የሩዝ ነው አልኩሽ እኮ! ቁርስ ልጋግር ባልኩ ፖሊስ ትሆኚብኛለሽ?»

«ሊጡስ ይሁን። መጋገሪያው ላይ የነሰነሱትስ?»

ሽማግሌው ዞረው ወደ ምድጃው አዩ። የስንዴ ዱቄቱ ከረጢት ከምድጃው አጠገብ እንደተፈታ ቆሟል። አርባ ዓመት የለመደው እጃቸው ሳያማክራቸው ነስንሶታል። የሰው እጅ ይመስል መዳፋቸውን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ማፊኖቹን አንድ ሳያስቀሩ ቆሻሻ ውስጥ ደፏቸው።

«እንደገና እሠራለሁ» አሉ መጋገሪያውን እያጠቡ። «አንቺ ግን ከአጠገቤ እንዳትርቂ። እጄን ጠብቂልኝ።»